አባዬ፣ ስለ ረጅሙ ዓሣ

አባዬ፣ እንደምን ከረምክ?

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ሆናለች። ትልቁ ደግሞ «ለአያቴ ጻፊልኝ» ብሎ አላስቀምጥ ብሎኛል።

ኦርፊሽ የሚሉት ዓሣ አለ። እንደ ሪባን ጠፍጣፋና ረጅም ነው፤ ቅርፊት የለውም፣ ገላው ብርማ፣ ክንፉ ቀይ። ከአጥንታም ዓሣዎች (ሻርክና መሰሎቹን ሳይጨምር) የሱን ያህል የሚረዝም የለም። በፈረንጆቹ 2024 ነሐሴ ላይ እዚህ ሳንዲያጎ ሞቶ የተገኘው 3.6 ሜትር ገደማ ነበር። ይሄ እንግዲህ ትንሹ ነው። በ1996 በዚሁ ዳርቻ የተገኘው 7 ሜትር ይሆናል፤ ፎቶው ላይ ወታደሮች ተሰልፈው በክንዳቸው ታቅፈውታል። ኑሮው ከ200 ሜትር በታች ነው፣ እስከ 1000 ሜትርም ይወርዳል። የኛ ጣና እኮ ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው! ሲዋኝ ደግሞ ቀጥ ብሎ ይቆምና የጀርባ ክንፉን ብቻ ያርገበግባል።

ልጁ «አያቴ እንዲህ ያለ ይዞ ያውቃል?» አለኝ። አጎትህን ጠይቅ አልኩት። ታንኳው ላይ የምትወስደው እሱን ነበራ። እኔ ዳር ቆሜ ቆሮሶ ዓሣ ሳጥብ ነው ያደግኩት። «ሴት ልጅ ሐይቅ ላይ ምን ትሠራለች» አልክ። ክብራን ሴት አይገባም፤ እሺ፣ ገዳም ነው። ሐይቁም ገዳም ነው እንዴ አባዬ? ጣና ዳር አድጌ ዋና የተማርኩት እዚህ፣ በገንዘቤ ነው።

ተወው፣ ይሄን ልጽፍ አልነበረም።

ጃፓን አገር ይሄ ዓሣ ከታየ የመሬት መንቀጥቀጥ ይመጣል ይባላል። በ2019 ተመራማሪዎች ፈትሸው ግንኙነት አላገኙም። ወደ ላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ሲታመም ወይም ሊሞት ሲል ነው። ልጁ ይሄን ሲያነብልኝ ወጥ ላማስል ብዬ ተነሳሁ።

ወንድሜ ነግሮኛል። ታንኳው ላይ ራስህን ስተህ ሰው ነው ጎትቶ ያወጣህ። እኔን በስልክ «ትንሽ ጉንፋን ነው» አልከኝ። ጉንፋን! እንቦጭ በወረሰው ውኃ ለብቻህ ምን ልትሆን ገባህ?

የግፊቱን ክኒን ተሻለኝ ብለህ እንዳታቋርጥ። የላክሁት ብር ለሐኪም ነው፣ ለመረብ አይደለም። ፈቃድ ከሰጡኝ ለገና እመጣለሁ፤ ካልሆነ ለፋሲካ። ፋሲካ ሩቅ አይደለም፣ አይደል? ስመጣ ታንኳው ላይ እወጣለሁ፤ የሚቀዝፈው ግን ወንድሜ ነው።

የልብ ምርመራውን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ዛሬውኑ በቴሌግራም ይላክልኝ። ሁለቱንም ገጽ በለው።

ልጅህ