በአውስትራሊያ መሃል፣ አሊስ ስፕሪንግስ ላለችው ልጄ

ልጄ፣ የኔ ዓለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት ትንሽ ተሽሎታል፤ እዚህ ሜልበርን ፉትስክሬይ ሰፈር ድረስ በእግሩ መሄድ ጀምሯል። ሽሮውና በርበሬው በፖስታ ተልኳል። እንደደረሰሽ በርበሬውን ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው፤ ያ ሙቀት ያበላሸዋል።

ወንድምሽ ትናንት አንድ ነገር ነገረኝ። ከተማው ውስጥ ሣር ላይ ተቀምጠው ሥዕል ከሚሸጡት አቦርጂናል እናቶች፣ ከአገሩ ነባር ሰዎች፣ በርካሽ እየገዛሽ እዚህ ላለው ጓደኛሽ ልትልኪ ነው አለኝ። እሱ በኢንተርኔት ሊሸጥ፣ ትርፉን ልትካፈሉ። ወንድምሽ «ቢዝነስ ገብቷታል» ብሎ በደስታ ነው ያወራው። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በስልክ ከሆነ እቆጣሻለሁ ብዬ ፈራሁና ይኸው ጻፍኩልሽ።

ልጄ፣ የተቸገረ ሰው የሣለውን በርካሽ ገዝተሽ አትነግጂበት።

ካንቤራ ሄደን የአቦርጂናሉን ሠዓሊ የቪንሰንት ናማትጂራን ሥዕሎች ያየን ጊዜ ትዝ ይልሻል? 2024 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ።) ንግሥት ኤልሳቤጥን አይተሽ ሳቅሽ። እኔም ሳቅሁ። «አውስትራሊያ በቀለም» የሚለው ሥራው ፊት ግን ዝም ብለሽ ቆየሽ። ሃያ አንድ ፊት ተደርድሮ። ንግሥቲቱ፣ ሯጯ ካቲ ፍሪማን፣ ባለ ማዕድኗ ቱጃር ጂና ራይንሃርት። ጂና ራይንሃርት ሥዕሏ ከግድግዳው እንዲነሳ መጠየቋን ያን ሰሞን አገር ሁሉ አውርቶታል። ጋለሪው አላነሳውም።

ብዙ ሰው «አላገጠባት» አለ። እኔ እንደዚያ አላየሁትም። ራሱን የሣለበትን ልብ ብለሽ ከሆነ፣ በዚያው ወፍራም ብሩሽ ነው። አፉ የተጣመመ፣ ግንባሩ የተጨማደደ፣ ዓይኑ ያፈጠጠ። ለራሱ ያልራራ ሰው ለንግሥት ለምን ይራራል? ንግሥቲቱንም ጠቅላይ ሚኒስትሮቹንም ራሱንም እኩል አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው። እንግሊዛዊውን መርከበኛ ካፒቴን ኩክን ሣለና በሰሌዳው ጀርባ ራሱን ሣለ፤ በ2019 የራምዚ የሥዕል ሽልማት የተሰጠው ለዚያ ሥራ ነው። ኃይለኞቹን ሁሉ ወደ ራሱ አገር፣ ወደ ቀዩ አፈርና ወደ ሐምራዊው ተራራ ያመጣቸዋል። ንጉሥ ቻርልስን ሳይቀር እዚያ በረሃ ላይ አቁሞታል።

አንቺ ልጆችን የምታክሚ ነሽና ይህን ደግሞ እወቂ። ቪንሰንት በ1983 እዚያው አሊስ ስፕሪንግስ ነው የተወለደው። እናቱ በ1991 ሞተች። እሱንና እህቱን ወስደው ፐርዝ፣ ሌላ ቤተሰብ ዘንድ አሳደጓቸው። አገሩ የተመለሰው በ18 ዓመቱ ነው። ቋንቋውን፣ ዘመዶቹን፣ የቅድመ አያቱን ታሪክ ያወቀው ከዚያ በኋላ ነው። አክስቱ የሸክላ ማሰሮ ላይ ስትሥል እያየ ነው ዓይኑ የተከፈተ። አሁን ኢንዱልካና በምትባል የአቦርጂናል መንደር ይኖራል፤ ኢዋንቻ በሚባለው የማኅበረሰቡ የሥዕል ማዕከል ይሠራል። በ2020 የእግር ኳስ ተጫዋቹን አዳም ጉድስን ሥሎ የሰው መልክ ለሚሥሉ የሚሰጠውን የአርቺባልድን ሽልማት ወሰደ። ሽልማቱ ከ1921 ጀምሮ ያለ ነው። አቦርጂናል ሠዓሊ ሲያሸንፍ እሱ የመጀመሪያው ነው። በ1956 ደግሞ ያው ሽልማት የቅድመ አያቱን የአልበርት ናማትጂራን መልክ ለሣለ ሰው ተሰጥቶ ነበር። ሠዓሊው ነጭ ነበር።

አሁን ወደ አልበርት ልምጣልሽ፤ እንቅልፍ የነሱኝ እሳቸው ናቸውና። የተወለዱት በ1902 ሄርማንስበርግ ሚሲዮን ነው፤ የአገሩ ሰዎች ንታሪያ ይሉታል፤ ካለሽበት በስተምዕራብ። የውሃ ቀለም ሥዕላቸው በ1938 እዚህ ሜልበርን ሲቀርብ አርባ አንዱም ተሸጠ። ስማቸው ገነነ። በ1954 ከንግሥቲቱ ጋር ተገናኙ። ግን አሊስ ስፕሪንግስ ውስጥ ቤት ልሥራ ሲሉ ተከልክለዋል። ያገኙትን ለዘመድ አዝማድ ያካፍሉ ነበር። በ1957 ለእሳቸውና ለሚስታቸው የዜግነት መብት ተሰጠ፤ ለልጆቻቸው ግን አልተሰጠም። ያ መብት ለሌለው አቦርጂናል መጠጥ መስጠት ክልክል ነበርና፣ በዓመቱ ለዘመዳቸው መጠጥ ሰጡ ተብለው ተፈረደባቸው። በ1959 እዚያው አንቺ ባለሽበት ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። መቃብራቸውም እዚያው ነው። አንድ እሑድ ሄደሽ እዪልኝ። ኮፍያ አድርጊ።

ከሞቱ በኋላ የሆነው ይብሳል። ቪንሰንት በተወለደበት በዚያው በ1983፣ የመንግሥት አደራ ጠባቂ መሥሪያ ቤት የሥዕሎቻቸውን የቅጂ መብት ለአንድ አሳታሚ በ8,500 ዶላር ሸጠው። ቤተሰቡን አልጠየቀም። ከዚያ በኋላ በካርድ፣ በመጽሐፍ ሲታተም ለልጅ ልጆቻቸው አምስት ሳንቲም አልደረሳቸውም። መብቱ የተመለሰላቸው በ2017 ነው፤ በአንድ ዶላር። አየሽ? ያን ጊዜ የሸጠውም የገዛውም በሕግ ነው የሠራው። ጓደኛሽም «ሕጋዊ ነው» ይልሽ ይሆናል። ልጄ፣ አትነግጂበት።

አያትሽ ስለሚሥሉት ቅዱስ ጊዮርጊስ እኮ ታውቂያለሽ። ግን ሙሉውን ነግሬሽ አላውቅም። ጎንደር ቤታችን ፍየል ቆዳ ላይ ሲሥሉ እኔ ነበርኩ ቀለሙን የማቀርብላቸው። የሳቸው ጊዮርጊስ ፈረስ የቀኝ እግሩን ነው የሚያነሳው፤ ጆሮው ወደ ኋላ የተጣለ፣ ዓይኑ ወደ ሚያየው ሰው የዞረ። አንድ ዓመት ዝናብ ጠፋ፣ እህል ተወደደ። አንድ ነጋዴ መጣ። ጥሩ ሰው ይመስላል፣ ሻይ እየጠጣ ያጫውታቸዋል። «እኔ ባልገዛዎት ማን ይገዛዎታል?» ይላቸው ነበር። የዓመት ሥራቸውን አንድ ላይ አድርጎ ወሰደ። በሰጣቸው ብር ጤፍ ገዛን፤ እናቴ እግዜር ይስጠው አለች።

ከዚያ በዓመቱ ይሁን በሁለት ዓመቱ፣ ለጥምቀት ልብስ ሊገዙልኝ ሱቅ ገባን። ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ጊዮርጊስ። አያትሽ ቀረብ ብለው የፈረሱን እግር በጣታቸው ነኩት። ምንም አላሉም። ስም አልተጻፈበትም። ባለ ሱቁን «ስንት ነው?» አሉት። አልተከራከሩም፣ ከፈሉ። የኔ ልብስ ለሌላ ጊዜ ተባለ። ቤት ሲደርሱ ምስማር አምጪ አሉኝና ሰቀሉት። ዓመቱ ካለፈም በኋላ አላወረዱትም። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይሄ የኔ ነው» ይሉ ነበር፤ አንዳንዱ እንደማያምናቸው እኔ ከፊቱ አነብ ነበር። አሁን አክስትሽ ጋ ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ አያትሽ ለመሸጥ አልሣሉም። እጃቸው ገና ደህና ነበር።

ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። ትርፋችሁ ጥቂት መሆኑን ወንድምሽ ነግሮኛል። ነጋዴውም በአያትሽ የከበረ አይመስለኝም።

«ካልገዛሁ ሌላ ይገዛል፣ እነሱም ገንዘቡን ይፈልጋሉ» ትይኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይፈልጋሉ። እዚያ ሣር ላይ ያለችው እናት የሣለችው ሥዕል ከወደድሽው የጠራችውን ዋጋ ክፈያት። አትከራከሪያት። ስሟን ጠይቂ፣ ምን እንደሣለች ልትነግርሽ ከፈለገች ስሚ። ከዚያ አልጋሽ በላይ ስቀይው። ሜልበርን አይምጣ።

ደግሞ እወቂ፣ ከ2010 ወዲህ ሕግ አለ። ሥዕል በነጋዴ በኩል እንደገና በ1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲሸጥ 5 በመቶው ለሠዓሊው ይከፈላል። ከዚያ በታች ለሚሸጥ ግን ምንም የለም። የናንተ ዓይነቱ ንግድ ሁሌም ከታች ነው። ጓደኛሽ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም።

በደንብ መግዛት ካማረሽ ኢልቻ ንቻራ የሚባል የሥዕል ማዕከል እዚያው ከተማሽ አለ። የአልበርት ዘሮች ዛሬም በውሃ ቀለም ይሥሉበታል። ማዕከሉ የሠዓሊዎቹ ነው፣ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ይታወቃል። ለአባትሽ ልደት አንድ ትንሽ ተራራ ግዢለት። ብሩን እኔ አስገባልሻለሁ። የሠዓሊው ስምና የማዕከሉ ስም ያለበትን የምስክር ወረቀት ሳትቀበይ እንዳትወጪ።

ኢንዱልካና ሄጄ ቪንሰንት የሚሠራበትን አያለሁ ብለሽ ደግሞ ዝም ብለሽ እንዳትነጂ። መሬቱ የነሱ ነው፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቀድመሽ ማዕከሉ ጋ ደውዪ። በማታ አትንጂ፤ ካንጋሮም ከብትም መንገድ ላይ ይቆማል። መኪናው ውስጥ ብዙ ውሃ ያዢ፣ ትርፍ ጎማውን አስነፊ።

የኔ እናት፣ ተቆጥቼ ከሆነ ስለምወድሽ ነው። አንቺ የአያትሽ ዓይን ነው ያለሽ፤ ካንቤራ ሥዕሎቹ ፊት ስትቆሚ አይቼዋለሁ። ለጓደኛሽ ዛሬውኑ ደውለሽ «አልፈልግም» በዪው። የገዛሽው ካለ አትላኪ፣ አስቀምጪው፤ ምን እንደሚደረግ አብረን እንነጋገራለን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ፤ ስልክሽን ቻርጅ አድርጊ።

እናትሽ