በሩም መደርደሪያችን ላይ ስላሉት ካርዶች

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከሩም መደርደሪያው ፊት ቆማችሁ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ያላችሁን ብዙ ናችሁ። በአንዳንድ ጠርሙሶች ዋጋ ሥር «ስኳር ተጨምሮበታል» ብለን ጽፈናል፤ ከእነሱም ውስጥ በጣም የምትወዷቸው አሉ። መጠጡ ተበላሽቷል ማለታችን አይደለም፤ አሁንም እንሸጠዋለን።

«ሩም ከሸንኮራ ነው የሚሠራው፤ ቢጣፍጥ ምን ይገርማል?» የሚለን አይጠፋም። የሸንኮራውን ጭማቂ ወይም የሞላሰሱን ስኳር ግን እርሾው ወደ አልኮል ይለውጠዋል፤ የተረፈውም ሲነጠር ከእንፋሎቱ ጋር አይወጣም። አገር ቤት አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። በርሜሉ ቀለምና የቫኒላ ሽታ ይሰጠዋል እንጂ ይህ ነው የሚባል ስኳር አይሰጠውም። ስለዚህ ከንፈር ላይ እንደ ሽሮፕ የሚጣበቅ ሩም ከተነጠረ በኋላ የሆነ ሰው ስኳር ጨምሮበታል።

መጨመሩ በብዙ አገር ወንጀል አይደለም። «የጃማይካ ሩም» ወይም የማርቲኒክ «አግሪኮል» (በቀጥታ ከሸንኮራ ጭማቂ የሚሠራ ሩም) ተብሎ በተጠበቀው ስም ለመሸጥ ማጣፈጥ አይቻልም። ባርቤዶስ ውስጥ ፎርስኩዌር የተባለው የሩም ማምረቻ ባለቤት፣ ሪቻርድ ሲል (Richard Seale)፣ ማጣፈጡን ለዓመታት ሲቃወም ኖሯል። የአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2021 ጀምሮ በሊትር 20 ግራም ብቻ ይፈቅዳል፤ ከዚያ ያለፈ «ሩም» ተብሎ አይሸጥም። እዚህ አሜሪካ ግን አምራቹ የስኳሩን መጠን ጠርሙሱ ላይ እንዲጽፍ አይገደድም። የስዊድንና የፊንላንድ የመንግሥት መጠጥ መደብሮች ለሚሸጡት መጠጥ የስኳሩን መጠን ያወጣሉ፤ በሊትር ከ40 ግራም ያለፈ የተገኘባቸው ታዋቂ ጠርሙሶች አሉ።

እኛ የምንለካው በሃይድሮሜትር ነው፤ ፈሳሹ ውስጥ ተንሳፍፎ በፈሳሹ ክብደት የአልኮሉን መጠን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ስኳር ፈሳሹን ስለሚያከብደው መሣሪያው ከፍ ብሎ ይንሳፈፍና አልኮሉን ከእውነተኛው አሳንሶ ያሳያል። ጠርሙሱ 40 በመቶ እያለ መሣሪያው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 35 ካሳየ፣ በሊትር ወደ 20 ግራም ገደማ የሚሆን ነገር ተሟምቶበታል ማለት ነው። ልዩነቱ ከአንድ በታች ከሆነ ዝም እንላለን፤ በርሜሉና ለቀለም የሚገባው ካራሜልም ትንሽ ስለሚያዛቡት።

ቤታችሁ መሞከር ከፈለጋችሁ ጥቂት ጠብታ ነጭ ሳህን ላይ አፍስሱና እስከ ጠዋት ተዉት። ያልተጨመረበት ስስ ቡናማ እድፍ ይተዋል። የተጨመረበት ጣት ይይዛል፣ ለመታጠብም ሙቅ ውኃ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። «ማር፣ ካራሜል፣ ለስላሳ» ተብሎ ከፍተኛ ነጥብ የተሰጠውን ሩም ፈልጋችሁ ትመጣላችሁ። ገምጋሚው የቀመሰውን ነው የጻፈው፤ አልዋሸም። ግን ስኳሩ ያለሰለሰውን በርሜሉ እንዳለሰለሰው አድርጎ ሲያቀርበው፣ እናንተ ለዓመታት እርጅና የምትከፍሉትን ገንዘብ ለስኳር ትከፍላላችሁ። ብዙዎቹ ገምጋሚዎች ጠርሙሱን በነፃ ያገኛሉ፤ ዝቅ ያለ ነጥብ የሰጠ ሰው ቀጣዩ ላይላክለት እንደሚችል ያውቃል። ስኳሩን ለክቶ የሚጽፍ ገምጋሚ ስታገኙ ምርጫው ከእናንተ ባይገጥም እንኳ አትልቀቁት።

እኛም ነጋዴዎች ነን፤ ቃላችንን ስትሰሙ ይህን አትርሱ። አከፋፋዮች ናሙና ያመጡልናል። በናሙና የቀመስነው ከሆነ ካርዱ ላይ «ናሙና» ብለን እንጽፋለን፣ ከራሳችን መደርደሪያ ከፍተን ከሆነም ይህንኑ፣ ከመደርደሪያችን መሆኑን፣ እንጽፋለን።

ጣፋጩን መውደድ ነውር አይደለም። የስኳር ጠጅም ጠጪ አለው፤ ጥያቄው በማር ጠጅ ዋጋ ሲቀርብ ነው።

ስኳር በሽታ ያለባችሁ ደንበኞች ስለጠየቃችሁን፦ በሊትር 20 ግራም ያለው ሩም በ45 ሚሊ ሊትር መለኪያ ከ1 ግራም በታች ስኳር ይይዛል፤ ከሻይ ማንኪያ ሩብ አይበልጥም። ከምትወስዱት መድኃኒት ጋር አልኮሉ ራሱ የበለጠ ሊያሳስባችሁ ይገባል፤ እሱን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ገና ያልለካናቸው ላይ «አልተለካም» የሚል ታያላችሁ። ቀድሞ እንዲለካላችሁ የምትፈልጉት ካለ ለካሸራችን ንገሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
የመደብሩ ባለቤቶች
ዋሽንግተን ዲሲ