ሮቦት ወይስ ሮታሪ? ማለቢያችሁን ከመቀየራችሁ በፊት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ሰሞኑን ከብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ጥያቄ እየደረሰን ነው። «ማለቢያችን አርጅቷል። ሮቦት ይሻለናል ወይስ ሮታሪ?» በስልክ የሰጠናችሁ መልስ አጭር ነበር፤ ለዚህ ጥያቄ ደግሞ አጭር መልስ አይበቃም። ማለቢያ አንዴ ከተተከለ ለብዙ ዓመት አብሯችሁ ይኖራል። የምትነሱበትን ሰዓት እንኳን የሚወስነው እሱ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብለን ልንጽፍላችሁ ወሰንን።

እኛ ላም በራሱ የሚያልበውን ሮቦትም፣ ላሞቹ ላዩ ላይ እየዞሩ የሚታለቡበትን ሮታሪም እንተክላለን፣ ሁለቱንም እንጠግናለን። ግን አቋም አለን፣ አንደብቃችሁም። ስለ ማሽኑ ከማውራታችን በፊት ስለ ዕለታዊ ውሎአችሁ መስማት እንፈልጋለን። ጠዋት በረት የሚገባው ማነው? ሌሊት ስልክ ቢጮህ ማን ይነሳል? ላሞቹ ቀኑን የት ያሳልፋሉ? የእነዚህ መልስ ሲታወቅ ማሽኑ ራሱ ይለያል።

ከሮታሪ እንጀምር። ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ ባለ አንድ እርባታ 50 ላም የሚይዝ ተሽከርካሪ ማለቢያ ሥራ ጀምሮ ነበር። ዛሬም መሠረቱ ያው ነው። ቀስ እያለ የሚዞር ክብ መድረክ አለ። ላሟ መግቢያው ላይ ትወጣለች፣ እየዞረች ትታለባለች፣ መውጫው ጋ ስትደርስ ወደ ኋላዋ ተራምዳ ትወርዳለች። ሠራተኛው ካለበት አይንቀሳቀስም። አንዱ መግቢያው አጠገብ ሆኖ ጡት ያጸዳል፣ ወተቱን የሚስበውን የማለቢያ ኩባያ ጡቱ ላይ ይሰካል። ወተቱ ሲያንስ ኩባያው በራሱ ይወልቃል። ሌላው ሠራተኛ መውጫው ጋ ጡቱን መድኃኒት ይቀባል።

አንድ ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይፈጃል። 40 ላም የሚይዝ መድረክ በ9 ደቂቃ ከዞረ በሰዓት 266 ላም ያሳልፋል ማለት ነው። በተግባር ግን ከዚህ ያንሳል። አንዲት የፈራች ጊደር መግቢያው ላይ እግሯን ከተከለች መድረኩ ይቆማል። ቢሆንም 400 ላም ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ታልቦ ያልቃል። ለትልቅ መንጋ ይህን ያህል የሚፈጥን ነገር ማግኘት ከባድ ነው።

የሮቦቱ ነገር ሌላ ነው። ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ሮቦት በሆላንድ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። እዚህ ላሟን የሚነዳት ሰው የለም፤ በራሷ ጊዜ ትመጣለች። የሚያመጣት መኖ ነው። አንገቷ ላይ ያለው መለያ ይነበባል። ከታለበች ገና ጥቂት ሰዓት ከሆነ በሩ ተከፍቶ ትሸኛለች። ጊዜዋ ከደረሰ መኖ ይወርድላታል። ክንዱ ከሆዷ ሥር ገብቶ ጡቶቿን በካሜራ ወይም በሌዘር ፈልጎ ያገኛል፣ ያጥባል፣ ኩባያዎቹን ይሰካል።

አንድ ሮቦት ስንት ላም ይችላል? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በቀን 3 ሰዓት ለእጥበትና ለጥገና ብትተዉለት 21 ሰዓት ይቀራል። አንዲት ላም ገብታ እስክትወጣ በአማካይ 7 ደቂቃ ብትወስድ በቀን 180 ጊዜ ያልባል። ለ60 ላም በቀን 3 ጊዜ ይደርሳል ማለት ነው። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን ትርፍ ደቂቃ የለውም። በመንጋ ውስጥ ጉልበተኛ አለ፣ ፈሪም አለ። ጉልበተኞቹ ቀድመው ይገባሉ። ፈሪዋ ጊደር የምትደፍረው ማሽኑ ባዶ ሲሆን ነው። ባዶ ጊዜ ከሌለ ውጭ ቆማ ትቀራለች፣ ወተቷም ይቀንሳል። እኛ ለአንድ ሮቦት 55 ላም ላይ ቁሙ የምንላችሁ ለዚህ ነው።

«ሮቦት ከተተከለ ሠራተኛ አያስፈልግም» የሚባለውን እባካችሁ አትመኑ። ሥራው አይጠፋም፣ መልኩን ይቀይራል። በተወሰነ ሰዓት ቆሞ ማለብ ይቀራል፤ ይህ ለወገብና ለትከሻ ትልቅ እረፍት ነው። በምትኩ ጠዋትና ማታ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ማን መጣች፣ ማን ቀረች ማለት አለ። የቀረችውን ፈልጎ ማምጣት አለ። ክንዱ አልሰካ ሲል ወይም ቱቦ ሲቀደድ ስልካችሁ ይጮኻል፣ ሌሊቱ 8 ሰዓትም ቢሆን። ከተከልንላቸው ደንበኞቻችን አንዱ ሠራተኛ ማግኘት ስላቃተው ነበር ሮቦት የመረጠው። የመጀመሪያዎቹን 3 ሳምንታት እሱና ልጁ እየተቀያየሩ በረት ውስጥ አደሩ። ላሞቹን አንድ በአንድ እየነዱ አስለመዱ። ያን ጊዜ ደውሎ «ይህን ለምን በደንብ አልነገራችሁኝም?» አለን። እውነቱን ነው። በበቂ አልነገርነውም፣ ጥፋቱም የእኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ይህን ታሪክ ሳይሰማ ውል አይፈርምም።

ላሞቻችሁንም ደህና አድርጋችሁ እዩ። የኋላ ጡቶቿ የተጠጋጉ ወይም የተጠላለፉ ላም፣ ግቷ መሬት ሊነካ የደረሰ ላም፣ ለሮቦት አትሆንም። የሰው እጅ ግን ሮታሪ ላይ ይህን ሁሉ ይችለዋል። ከግት ይበልጥ የሚያሳስበን ሰኮና ነው። እግሯን የሚያማት ላም ለመኖ ብላ እንኳን አትነሳም። ሮቦት ያለበት በረት ወተቱን የሚያገኘው ከሰኮና ነው ብንላችሁ ማጋነን አይሆንም። ሮታሪ ላይ የምታነክሰውም ተነድታ ትመጣለች። ማሽኑ ወተቷን ያገኛል፣ ሕመሙ ግን ያው ነው።

ስለ ወተቱ ሮቦቱን የምናመሰግንበት ነገር አለ። አራቱን ጡት ለየብቻ ያልባል፤ አንዱ ሲያልቅ እሱን ብቻ ይለቃል፣ ባዶ ጡት አይጠባም። የእያንዳንዱን ጡት ወተት ለየብቻ ስለሚለካም የጡት በሽታ ሲጀምር ቶሎ ይጠቁማል። እንገርንና መድኃኒት ያለበትን ወተት ለይቶ ያስቀራል። ይሁን እንጂ ላሟ ቶሎ ቶሎ እንድትታለብ ከተፈቀደላት የወተቱ ስብ በቀላሉ ይሰባበራል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ስለዚህ በየስንት ሰዓቱ እንደምትታለብ በትዕግሥት ማስተካከል ይጠይቃል። ማቀዝቀዣውም ይታሰብበት። የሮቦት ወተት ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚመጣው። ለብዙ ወተት የተሠራ ታንከር ይህን ጥቂት ወተት በረዶ ሊያደርገው ይችላል። ታንከሩ ሲታጠብም ላሞቹ አይጠብቁም፤ ስለዚህ ለዚያ ሰዓት የሚሆን ትንሽ መጠባበቂያ ታንከር ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ሮቦቱን አዝዞ ይህን የሚያስታውሰው መጨረሻ ላይ ነው።

ብልሽት ሁለቱም ላይ አለ። የሮታሪ መድረክ ማዞሪያው ከቆመ ሁሉም ነገር ይቆማል። ከስድስት ሮቦት አንዱ ቢቆም ሌሎቹ ይጨናነቃሉ እንጂ ማለብ አይቋረጥም። ጀነሬተር ለሁለቱም ግድ ነው። መብራት በሁለት የማለቢያ ሰዓት መሀል ቢጠፋ ግን ሮታሪ ያለው ሰው ብዙም አይደነግጥም፤ ለሮቦት እንዲህ ያለ መሀል የለም።

ላሞቻችሁ የሚውሉት ራቅ ያለ ግጦሽ ላይ ከሆነ ከልብ የምንመክራችሁ ሮታሪን ነው። አብረው ይመጣሉ፣ አብረው ይመለሳሉ። በሮቦት ግን እያንዳንዷ ራሷ ወስና መምጣት አለባት። ጥላ ሥር ተኝታ የምታመሰኳ ላም ረጅም መንገድ ተነስታ ትመጣለች ብላችሁ አትጠብቁ። ግጦሽን በየክፍሉ እየከፈቱ ከሮቦት ጋር የሚያስኬዱ አሉ። ይቻላል፣ ግን ብዙ እቅድ ይፈልጋል።

እንግዲህ የእኛ አቋም ይህ ነው። ከ250 በታች ላም ካላችሁ፣ በረት ውስጥ የምትቀልቡ ከሆነ፣ ቤተሰቡ ራሱ የሚሠራ ከሆነ፣ ሮቦት እንመክራለን። ከ500 በላይ ከሆነና ሠራተኛ የማግኘት ችግር ከሌለባችሁ ሮታሪ ነው፤ መንጋው ባደገ ቁጥር በአንድ ላም የሚወድቀው ወጪ እየቀነሰ ይሄዳል። መሀል ላይ ያላችሁ ከባዱ ጥያቄ የእናንተ ነው። 350 ላም ላለው ሰው ሰባት ሮቦት ያስፈልጋል፣ ሰባት ማሽን ደግሞ ሰባት የጥገና ውል ነው። እንዲህ ላለው ሰው ወደፊት ስንት ላም እንደሚያስብ እንጠይቀዋለን። ሮቦት እየጨመሩ ማደግ ይቻላል። ሮታሪ ግን የመድረኩ ስፋት የመጀመሪያው ቀን ይወሰናል፤ በኋላ ማስፋት አይቻልም ማለት ይቀላል።

ሁለቱም የማይሆኗቸው እርባታዎችም አሉ። 40 ወይም 50 ላም ያለው ሰው አሁን ያለው ማለቢያ ደህና ከሆነ ኩባያና ቱቦ እንዲቀይር፣ ቫኪዩሙን ማለትም ወተቱን የሚስበውን ኃይል እንድናስተካክልለት ነው የምንነግረው። ባለፈው ጊዜ ይህን ያልነው ደንበኛ ቅር ብሎት ነበር። ዛሬም ትክክል እንደነበርን እናምናለን።

ልትወስኑ ካሰባችሁ ከመምጣታችን በፊት አንድ ሳምንት ስጡን። በየቀኑ ማለብ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት መዝግቡ። ላሞቹ ከመታለባቸው በፊት ቆመው የሚጠብቁትን ጊዜም ጻፉ፤ ከአንድ ሰዓት ካለፈ ማሽን ሳይቀየርም የሚስተካከል ነገር አለ ማለት ነው። የሚያነክሱትን ቁጠሩ። ግታቸውን ከኋላ ፎቶ አንሱልን። ከግጦሽ እስከ በረት ያለውን ርቀት በእግራችሁ ለኩት። ይህን ይዛችሁ ደውሉልን፤ መጥተን አብረን በረቱን እንዞራለን።

አክባሪዎቻችሁ፣
የማለቢያ ተከላና ጥገና ባልደረቦች