ዝግጅት የሌለው ዝግጅት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ከረማችሁ? እኔ ጎንደር አራዳ፣ በረንዳ ላይ ልብስ የምሰፋ ሰው ነኝ። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። ከዚህ ውስጥ አርባውን ከሲንጀር መኪና ፊት ተቀምጬ አሳልፌዋለሁ። ይህን የምነግራችሁ ዕድሜ ለመቁጠር አይደለም፣ ምን ያህል ሬዲዮ እንደሰማሁ እንድትገምቱልኝ ነው። የልብስ ሰፊ ዓይኑ መርፌው ላይ ነው፣ እጁ ጨርቁ ላይ፣ እግሩ ፔዳሉ ላይ። የሚተርፈው ጆሮው ብቻ ነው። ስልክ እየነካካሁ ልሥራ ካልኩ የሰው ሱሪ አበላሻለሁ (አንዴ አበላሽቼ ጨርቁን ከኪሴ ገዝቼ ተክቻለሁ፣ ባለቤቱ እስካሁን አላወቀም)። ስለዚህ ከጠዋት ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ አብሮኝ የሚውለው ሬዲዮ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ይሄ ጓደኛዬ ወሬኛ ሆኖብኛል። በራሱ ቀልድ ራሱ ይስቃል።

ነገሬ ከአንድ ቃል ይጀምራል። በእኛ ቋንቋ የሬዲዮ ፕሮግራም «ዝግጅት» ይባላል። አቅራቢው «አዘጋጅ» ነው። እናንተም «ዝግጅት ክፍል» ናችሁ። ሰውዬው ማይክ ፊት ከመቀመጡ በፊት ተዘጋጅቷል ማለት ነው፤ ቃሉ ራሱ ይናገራል። እኔ ዛሬ የምሰማው ግን ዝግጅት የሌለው ዝግጅት ነው። ሁለት ሦስት ልጆች ስቱዲዮ ይገባሉ፣ «እሺ፣ ዛሬ ምን እናውራ?» ይባባላሉ። እየቀለድኩ አይደለም፣ በአየር ላይ ሲሉት በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ። ከዚያ አንደኛው ትናንት ማታ የበላውን ያወራል፣ ሌላኛዋ ትስቃለች፣ ስልክ ይገባል፣ «ሬዲዮህን ቀንሰው»፣ «ከየት ነው?»፣ «ለማን ይድረስልህ?»፣ ዘፈን። ዘፈኑ ሳያልቅ ማስታወቂያ። እንዲህ እየተባለ ሁለት ሰዓት ያልፋል፣ እኔም ሁለት ኮት ጨርሻለሁ፣ አንድም ነገር ግን አልያዝኩም።

የቤታችን ሬዲዮ ናሽናል ነበር፣ ባለ ሦስት ባንድ። አቧራ እንዳይነካው እናቴ ነጭ ጨርቅ ታለብሰው ነበር። እኔ በሕይወቴ መጀመሪያ የሰፋሁት ልብስ የሰው ልብስ አይደለም፣ የዚያ ሬዲዮ ልብስ ነው። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ በጥርሳችን እንነክሰዋለን፣ ሌላ ሁለት ቀን ይሠራል። ድንጋይ ውድ ስለነበር ሬዲዮ ዝም ብሎ ሲያወራ አይውልም። ሰዓቱ ሲደርስ ይከፈታል፣ ሲያልቅ ይዘጋል። አሁን ሳስበው አዘጋጆቹም የሰው ድንጋይ እያለቀ መሆኑን የሚያውቁ ይመስሉ ነበር፤ ቃል አያባክኑም።

ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ ሰፈሩ ፀጥ ይላል። አንባቢው አንድ ሰው ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ግን ሌላ ሰው ይሆናል፣ ጉዱ ካሳ ሲናገር ደግሞ ሌላ፣ ሰብለ ወንጌል ጋ ሲደርስ ድምፁ ራሱ አንገቱን ይደፋል። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። መጽሐፉን ግን ከኔ በላይ ታውቀው ነበር። አንድ ክፍል ያመለጣት ቀን ጎረቤት ሄዳ «ጉዱ ካሳን ምን አሉት?» ብላ ትጠይቃለች፣ የዘመድ ወሬ የምትጠይቅ ነው የሚመስለው። መጽሐፉ ከታተመ፣ ከ1958 ወዲህ፣ ስንቱ ገዝቶ እንዳነበበው እናንተ ታውቁ ይሆናል። በእኛ ሰፈር የነበረው የወጋየሁ ድምፅ ነው። ያ ሰው ጽሑፉን ሳይለማመድ ማይክ ፊት እንደማይቀመጥ ድምፁ ይመሰክራል።

የኳስ አስተላላፊው የደምሴ ዳምጤስ ነገር? ታኅሣሥ 1980፣ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ፣ የሴካፋ ፍጻሜ፣ አዲስ አበባ ላይ፣ ከዚምባብዌ ጋር። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ሙያውን ከሚያስተምሩኝ ጋሼ ጋር ሱቅ ውስጥ ነን። ጨዋታው አንድ ለአንድ አልቆ ፍፁም ቅጣት ምት መጣ። ጋሼ ኮስታራ ሰው ናቸው፣ በሥራ ሰዓት ሳቅ አይወዱም። ዋንጫው የኛ ሲሆን ግን አንገታቸው ላይ የነበረውን ሜትር ወርውረው እኔን ያቀፉኝን አልረሳውም። እኔ ሜዳውን አላየሁትም፤ ያየሁ ያህል ግን እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ማን ኳሱን እንዳስቀመጠ፣ ከየት እንደተንደረደረ፣ በረኛው በየት በኩል እንደወደቀ ይነግርሃል። ዛሬ የሚያስተላልፈው ልጅ «ኦኦኦ! አያችሁት?» ይለኛል። ወንድሜ፣ በምን ልየው?

የድሮው ሬዲዮ መልአክ ነበር አልልም። ኅዳር 1967 የስልሳዎቹ ባለሥልጣናት መገደል በሬዲዮ ሲነገር አሥር ዓመቴ ነበር። አባቴ ሬዲዮውን ዘግቶ ያን ቀን ሙሉ አልተናገረም። በኋላም ቢሆን የመንግሥት አፍ ነበር። የልቡን ለመስማት የፈለገ ሰው ማታ በር ዘግቶ፣ ብርድ ልብስ ደርቦ የውጭ ጣቢያ ይፈልጋል። የጀርመን ድምፅ የአማርኛው ክፍል የጀመረው በ1957፣ እኔ በተወለድኩበት ዓመት ነው፣ እኩያዬ ነው። አጭር ሞገድ ደግሞ ማታ ማታ ከሰማይ ነጥሮ ሩቅ ስለሚሄድ፣ ከመስኮት እስከ ዛፍ ሽቦ ወጥረን ጥርት አድርገን እንይዘው ነበር። ስለዚህ የድሮውን ስናፍቅ ውሸቱን ረስቼ አይደለም። ግን ውሸቱን እንኳ ተዘጋጅተው ነበር የሚዋሹት።

ታዲያ ምን ነካው? ሰው ሁሉ «የዛሬ ልጆች» ይላል። እኔ ልጆቹን ብቻ አልወቅስም። የብሮድካስት አዋጁ በ1991 ወጥቶ በሚቀጥለው ዓመት ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሲጀምር፣ ከዚያም የግል ጣቢያ ሲመጣ ደስ ብሎን ነበር፤ ብዙ ድምፅ ልንሰማ ነው ብለን። ብዙ ድምፅ መጣ፣ ሆኖም ከኋላው ያለው አሠራር ሌላ ነው። ጣቢያው የአየር ሰዓቱን በሰዓት ይሸጣል። የገዛው ሰው «ተባባሪ አዘጋጅ» ይባላል። ይሄ ሰው የከፈለውን ለመመለስ ቀኑን ሙሉ በየቢሮው ስፖንሰር ሲለምን ይውላል። ማታ ወይ ጠዋት ማይክ ፊት ሲቀመጥ ታዲያ መቼ ያንብብ? መቼ ሰው ያነጋግር? ከኔ ሥራ ጋር ባነጻጽረው፣ መኪናዬን በሰዓት ለመንገደኛ ሁሉ አከራይቼ፣ የተሰፋው ሱሪ ሲቀደድ «እኔን አይመለከተኝም» እንደማለት ነው። ይህን የምለው በግምት አይደለም። አንድ ጊዜ በአንድ ጣቢያ ላይ የሆነ የባህል መድኃኒት ነጋዴ እንግዳ ተብሎ ገብቶ፣ ደም ግፊትን በአንድ ወር ነቅሎ የሚጥል ዱቄት አለኝ ሲል አዘጋጁ «ዋው» እያለ ሰማሁ። ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ በትሕትና «አባባ፣ እሱ የተባባሪ አዘጋጅ ሰዓት ነው» አለችኝ። በቃ። የኔ ባለቤት የግፊት ክኒን ነው የምትውጠው፤ ቢያንስ ሬዲዮው ሲከፈት አጠገቤ አልነበረችም።

ገንዘቡም ጠፍቷል፣ እሱም እውነት ነው። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያግድ የቢራው ብር ቀረ። እገዳውን እደግፋለሁ፣ ልጆቻችን ቢራን ከቡሄ ጭፈራ ጋር አንድ አድርገው ሊያድጉ ነበር። አሁን የምሰማው ግን የውርርድ ማስታወቂያ ነው። አራዳ ላይ የልብስ ማሳጠሪያ ሃምሳ ብር ከፍሎኝ የቀረውን ለውርርድ የሚወስድ ጎረምሳ ስንት አለ።

ወደ ኳስ ስመለስ፣ በጣም ያንገበገበኝ 2013 ነው። ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው በዚያ ዓመት ነው። በኮሮናው ምክንያት ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች ነበር የሚካሄዱት፣ እኛ ፋሲለደስ ስታዲየም ገብተን አፄዎቹን ማየት አልቻልንም። ለሬዲዮ ከዚህ የበለጠ ዕድል የት ይገኛል? ከተማ ሙሉ በጆሮው ሊከታተል ተዘጋጅቶ ነበር። እኔ የምከፍተው ሰዓት ላይ ግን አርሴናል ማንን ሊያስፈርም እንደሆነ አርባ ደቂቃ ይተነተናል፣ ፋሲል በመጨረሻ ላይ ውጤቱ ተነግሮ ያልፋል። የለንደን ወሬ በጎንደር አንደበት እንኳ ቢነገር ይሻል ነበር። የእኛ ልጆች ማይክ ሲይዙ አነጋገራቸውን ይለውጣሉ፣ «ቤዚካሊ» እና «አክቹዋሊ» ይበዛል። እናታቸው ቤት ሲገቡ እንዲህ አይናገሩም፣ አውቃቸዋለሁ፣ የአንዱን የሠርግ ሱፍ የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ደግሞ አሁን አዲስ ነገር መጥቷል። ስቱዲዮው ውስጥ ካሜራ አስገብተዋል። አዘጋጁ «ይሄን ፎቶ እንደምታዩት» ይላል፣ እንግዳው በእጁ የሆነ ነገር ያሳያል፣ ይስቃሉ፣ እኔ እዚህ መርፌ ይዤ ምን እንደታየ እጠይቃለሁ። «ሙሉውን በዩቲዩብ ገጻችን ተከታተሉ» ይሉኛል። ሬዲዮ ሆኖ ለማያይ ሰው የማይናገር ሬዲዮ አጋጥሞኝ አያውቅም ነበር። ሊጥ የምታቦካው፣ በሬ ጠምዶ የሚያርሰው፣ ባጃጅ የሚነዳው፣ ዓይነ ስውሩ፣ እኛ ሁላችን የት እንግባ?

ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ደግሞ ሰው ሁሉ ወደ ሬዲዮ ተመልሶ ነበር። ስልኩን ብቻ የሚያውቀው የጎረቤቴ ልጅ ሳይቀር ሱቄ መጥቶ ቆሞ ይሰማል። መንገዱ ክፍት ነው ወይ፣ መብራቱ መቼ ይመጣል፣ ፈተናው ይሰጣል ወይ። እኛ ይህን ስንጠብቅ አንዱ አዘጋጅ የልደት ቀን መልካም ምኞት ያነብባል። ልጁ ትንሽ ሰምቶ «አያ፣ ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?» አለኝና ሄደ። መልስ አልነበረኝም።

ጃናሞራ የገበሬ ወንድም አለኝ። እሱ ጋ ኤፍ ኤም አይደርስም። ኤፍ ኤም ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ተራራ ከመጣበት ያቆማል፣ ስሜን ደግሞ ተራራ ብቻ ነው። እሱ የሚሰማው በአጭር ሞገድ የሚመጣውን ነው። በመጋቢት 2017 የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ከሥራ ገለል ተደርገው ስርጭቱ ሲቆም ወንድሜ ሬዲዮው የተበላሸ መስሎት አዲስ ድንጋይ ገዝቶ ከተተበት። ሁለተኛ ገዛ። በሦስተኛው ቅዳሜ ገበያ ሲመጣ ሬዲዮውን ይዞልኝ መጣ፣ ላሠራልህ ብዬ ከፈትኩት፣ ደህና ነው። በአገራችን ሬዲዮ ከተጀመረ ዘጠና ዓመት ሞላው፤ የወንድሜ አገር ግን የሚሰማው ሲቀንስ እንጂ ሲጨምር አላየሁም።

ሁሉም ጠፍቷል አልልም፣ ኃጢአት ነው። ልጄ አንዳንድ ጊዜ በስልኳ ሸገርን ትከፍትልኛለች። መዓዛ ብሩ በ«ጨዋታ እንግዳ» አንድ ሰው ይዛ ስትጠይቅ፣ ስለ ሰውዬው አንብባ እንደመጣች ወዲያው ይገባሃል። እንግዳው ሲናገር አታቋርጠውም፣ ዝም ሲል ደግሞ የት ላይ ዝም እንዳለ ታውቃለች። ጣቢያው ከ2000 ጀምሮ አለ፣ ያውም በግል፣ ያውም በዚሁ ኤፍ ኤም። ስለዚህ «ዘመኑ ነው» የሚሉኝን አልቀበልም።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ጋዜጣችሁ ላይ ለመጽሐፍ ሂስ ትጽፋላችሁ፣ ለቴአትርም፣ ለኳስም። ለሬዲዮ ግን ማንም ሂስ ሲጽፍ አላየሁም። በሳምንት አንድ ዓምድ ስጡት። አንድ ሰው መድቡ፣ ቁጭ ብሎ ይስማ፣ ያን ዝግጅት ማን አዘጋጀው፣ ምን ይዞ መጣ፣ ምን ተሳሳተ፣ ምን አስተማረ ብሎ በስም ይጻፍ። ተባባሪ አዘጋጁም ሰው ነው፣ ስሙ ጋዜጣ ላይ እንደሚወጣ ካወቀ አንድ ወረቀት ጽፎ ይገባል። ሰው ካጣችሁ እኔ ቀኑን ሙሉ እሰማለሁ፣ ክፍያ አልጠይቅም፣ አማርኛዬን ብቻ ታርሙልኛላችሁ።

ደብዳቤዬ ረዘመ መሰለኝ። ቦታ ከጠበባችሁ የአርሴናሉንም የመድኃኒቱንም ቁረጡት። ወጋየሁንና ደምሴን ግን እንዳትነኩብኝ።

ልብስ ሰፊው
ከጎንደር፣ አራዳ