በኬብል ለማንሳት የምንጠቀምበትን ሶፍትዌር ስለመምረጥ

ውድ አባላት፣

ካሜራን ከላፕቶፕ ጋር አገናኝተን ስናነሳ የምንጠቀምበትን ሶፍትዌር ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት በተለመደው ክፍላችን ሞክረን እንመርጣለን።

ካኖን ያላችሁ ኢኦኤስ ዩቲሊቲን፣ ኒኮን ያላችሁ ኤንኤክስ ቴተርን ጭናችሁ ኑ። ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ ግን የሚያውቁት የራሳቸውን ካሜራ ብቻ ነው። ካፕቸር ዋን የካኖንንም የኒኮንንም የሶኒንም ካሜራዎች ይቀበላል፤ ሆኖም ይከፈልበታል። የሙከራ ጊዜው እንዳይባክን እዚያው አብረን እንከፍተዋለን።

ለእኔ ዋናው ነገር ፍጥነት አይደለም። ባለፈው ኬብሉ ትንሽ ላላ ሲል ሶፍትዌሩ ቀጥ አለ። ሜሞሪ ካርዱ ላይም ስላላስቀመጥን 11 ፎቶ ጠፋብን። እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ ቅዳሜ አንድ ፎቶ አንስተን ኬብሉን እንነቅላለን፣ መልሰን እንሰካለን። ሳይዘጋ ራሱ ካሜራውን መልሶ የሚያገኘው ሶፍትዌር የእኔን ድምፅ ያገኛል።

ሙሉ ቻርጅ የተደረገ ባትሪ፣ ሜሞሪ ካርድና ዳታ የሚያስተላልፍ ዩኤስቢ ኬብል ያዙ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርገው አይሠራም።

እስከ ሐሙስ ማታ የካሜራችሁን ሞዴል፣ ላፕቶፓችሁ ዊንዶውስ ይሁን ማክ፣ መምጣት አለመምጣታችሁንም እዚሁ ጻፉልኝ።