ለቅዳሜው ስብሰባ፦ የድምፅ ቅጂ ይዛችሁ ኑ

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እዚሁ ሐዋሳ እንገናኛለን። መዋጮ የቀረባችሁ ለገንዘብ ያዧ አስቀድማችሁ ስጡ፤ ስብሰባው ላይ ጊዜ አይብላብን።

ዋናው ጉዳይ አንኪ (ቃላትን በካርድ እየደጋገሙ ማጥኛ መተግበሪያ) ላይ የጫንናቸው የአማርኛ ካርዶች ናቸው። ድምፅ የላቸውም። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ ጀማሪ ተማሪ «ገና» የሚለውን ሲያይ በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የሚባለው በምን ይወቅ? ሲዳምኛ በላቲን ሲጻፍ የሚጠብቀው ፊደል ስለሚደገም እዚያ ይቀላል።

ስለዚህ እያንዳንዳችን 20 ቃል በስልካችን እንቅዳ። እባካችሁ መስኮት ዝጉ። ባለፈው አንዲት መምህርት የለፋችበት ቅጂ ግማሹ በባጃጅ ጥሩንባ ተበላሽቶ እንደገና አስቀዳናት፤ በጣም ነው ያዘንኩት።

የማኅበሩ ጸሐፊ