አሞራ ገደል ቆሜ ሳይሽ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ እናትሽን ብቻ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል። ዛሬ ግን የምናዘዘው ነገር ስላለኝ ነው የምጽፍልሽ።

በጥቅምት ሲሚንቶ ጭኜ ሐዋሳ የገባሁ ጊዜ ቅዳሜ አሞራ ገደል ዓሣ ልበላ ወረድኩ። ከሐይቁ ዳር የሁለተኛ ክፍል ልጆች ሰብስበሽ ስታስተምሪ አየሁሽ። ልጠራሽ አፌን ከፍቼ ተውኩት። ካየሽኝ ትደናገጫለሽ ብዬ አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ተከለልኩ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ አሳዘንሽኝ። ዓይንሽ ከደብተርሽ አልተነቀለም። የአባ ኮዳ፣ የዚያ አንገቱ ላይ ኮዳ የመሰለ ከረጢት የሚንጠለጠልበት ትልቅ ወፍ፣ ቁመቱ 1.5 ሜትር ይደርሳል፣ ክንፉ ሲዘረጋ ከ2.5 ሜትር ይበልጣል እያልሽ ታነቢያለሽ፤ አባ ኮዳው ራሱ ከኋላሽ አሥር እርምጃ ላይ ቆሞ የዓሣ አንጀት ይጠብቃል። አንድ ትንሽ ልጅ «ኮዳው ውስጥ ውሃ አለ?» ቢልሽ «ጥያቄ በመጨረሻ» አልሽው። መጨረሻው ሲደርስ ልጁ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ ላይ ወጥቶ ነበር።

ማታ ስትደውይልኝ «ውሎሽ እንዴት ነበር?» ብልሽ «ደኅና» ብለሽ ዝም አልሽ። እኔም ዝም አልኩ።

በጥር ግን ሆን ብዬ ነው፤ ጭነቱን ዓርብ አራግፌ ለቅዳሜ አደርኩ። ደብተሩ የለም። ልጆቹን ሣር ላይ አስቀምጠሽ፣ አንቺም አብረሽ ተቀምጠሽ ለረጅም ጊዜ ቃል አልተነፈስሽም። ከዚያ «እግሩ ለምን ነጣ?» አልሽ። አንዷ ቀለም ነው አለች፣ አንዱ ኖራ። አባ ኮዳውም የተቀጠረ ይመስል እዚያው እግሩ ላይ ለቀቀው! ሳቁ ማዶ ሳይሰማ አልቀረም። ሙቀት ሲበረታበት እግሩን በኩሱ እያረጠበ እንደሚያቀዘቅዝ የነገርሻቸው ሳቁ ካበቃ በኋላ ነው። እኔም እስከዚያች ቀን ኖራ ነበር የሚመስለኝ።

የኮዳው ጥያቄም መጣ። «እስቲ ውሃ ሲሞላበት ያየ አለ?» ብለሽ ጥያቄውን ለእነሱ መለስሽው። ሲጠባበቁ ቆይተው ከረጢቱ ሲነፋ «ፊኛ ነው!» ብለው ጮኹ። አየር መሆኑን ሳትነግሪያቸው ደረሱበት። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፤ «ራሱ የተመለጠው ስላረጀ ነው» ያለውን ልጅ ቶሎ አረምሽው። ጥንብ ውስጥ አንገቱን ሲከት ላባ ቢኖረው ደም እንደሚጣበቅበት ትንሽ ቢያስብበት ራሱ ባገኘው ነበር። ደግሞም ራሰ በራው አባትሽ ሾላው ሥር ሆኖ ቅር ብሎታል።

በመካከሉ አሥራ ሁለት ቅዳሜ ግድም አለ። ስንቱ እንደ ጥቅምቱ እንደነበር አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ተሳቢ ወደ ኋላ መንዳት የለመድኩት የሰው አጥር አፍርሼ ነው፤ ያውም ባለቤቱ ቆሞ እያየ።

በሚቀጥለው ስመጣ አልደበቅም፤ ከልጆቹ መካከል ቦታ ያዢልኝ። ጥያቄም ይዣለሁ፤ ሃያ ዓመት በዚህ መንገድ ስመላለስ የአባ ኮዳ ጎጆ አይቼ አላውቅም። የት ነው የሚፈለፍለው?

አባትሽ